ክር እንዴት አበባ ይሆናል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የእጅ ሥራ ትምህርት ዝግጅታችን ዛሬም ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። የዛሬው ርእሳችን በኪሮሽ አበባ መሥራት ነው። ኪሮሽ ይዛችሁ የማታውቁም ሆናችሁ ዳንቴል እየሠራችሁ ያደጋችሁ፣ ዛሬ ይዛችሁት የምትሄዱት ቁም ነገር አለ። ጀማሪው አንድ አበባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ ይሰማል። የለመደው ደግሞ እጁ ለዓመታት ሲሠራው የኖረው ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ይረዳል።

ሬዲዮ እጅን ስለማያሳይ ዛሬ የማስተምራችሁ በቁጥር ነው። ደግነቱ የኪሮሽ አበባም የሚሠራው በቁጥር ነው። ስንት ዐይን፣ ማለትም የኪሮሽ ስፌት፣ ጨመርን? የት ላይ ጨመርን? መጨመሩን መቼ አቆምን? የአበባው ቅጠል እንዲዘረጋ፣ እንዲጎደጉድ ወይም እንዲሸበሸብ የሚያደርገው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ንድፍ ከማንም ሳይጠብቅ በመስክና በአጥር ላይ ያየውን አበባ በክር ማውጣት ይችላል። ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ዕቃ እናሰናዳ።

የመጀመሪያው ክር ነው። ለጀማሪ የሚሻለው መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ነው። የዳንቴል ክር ቀጭን ስለሆነ ዐይኑን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ እጅ ከለመደ በኋላ ግን እጅግ የረቀቀ አበባ የሚወጣው ከእሱ ነው። ክር ስትገዙ ጫፉን በሁለት ጣቶቻችሁ መካከል ይዛችሁ አሽከርክሩት። ወዲያው የሚበታተን ከሆነ ኪሮሹ ግማሹን እየያዘ ግማሹን እየተወ ያሰለቻችኋል። ጠበቅ ተደርጎ የተፈተለውን ምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ ያለ ቀለም ውሰዱ፤ ጥቁር ክር ላይ፣ በተለይ በማታ መብራት፣ ዐይኑ አይለይም። የጥጥ ክር ቅርጹን አጥብቆ ይይዛል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የጋለ ካውያ ሲነካው ይልፈሰፈሳል፣ አንዴ ከልፈሰፈሰ ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛው ኪሮሹ ነው። የኪሮሹ ውፍረት ብዙውን ጊዜ እጀታው ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። መካከለኛ የሹራብ ክር መጠቅለያው ላይ 4 ወይም 4.5 ሊል ይችላል፤ ያ ልኬት ለልብስ ነው። ልብስ መላላት፣ ከሰውነት ጋር መተጣጠፍ አለበት። አበባ ግን መቆም አለበት። ስለዚህ ለአበባ ሥራ አነስ ያለውን 3 ወይም 3.5 ያዙ። ኪሮሹ ሲያንስ ዐይኑ ይጠብቃል፣ ቅጠሉም ሳይወድቅ ይቆማል።

ከእነዚህ ሌላ ቀዳዳው ሰፋ ያለ መርፌና መቀስ ያስፈልጋችኋል። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

አሁን ወደ እጅ እንግባ። ዛሬ በኪሮሽ የምንሠራው አበባ ሁሉ ከአራት ነገሮች ይወጣል። የእጅ ሥራ ባለሙያዎች በየአካባቢው የየራሳቸው አጠራር አላቸው። እኔ ዛሬ እንዳንደናገር ሰንሰለት፣ መዝጊያ፣ አጭርና ረጅም እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ሰንሰለት የምንለው ይህ ነው። ክሩን ቋጥራችሁ ኪሮሹ ላይ አጥልቁ። ቋጠሮው ወዲያና ወዲህ ሲሉት የሚንሸራተት ይሁን። በኪሮሹ ጫፍ ክሩን ያዙና ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡ። አንድ ሰንሰለት ሆነ። ደግማችሁ ያዙ፣ ሳቡ፤ ሁለት። ስትቆጥሩ ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም። የሚቆጠሩት ከሥሩ የተያያዙት ናቸው።

መዝጊያ የሚያገለግለው ለማያያዝ ነው። ኪሮሹን ወደምትፈልጉት ዐይን አስገቡ፣ ክሩን ያዙ፣ በዐይኑም ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበትም ውስጥ በአንድ ጊዜ ሳቡ። ቁመት አይጨምርም፤ ያስራል እንጂ።

አጭሩ እንዲህ ይሠራል። ኪሮሹን ወደ ዐይኑ አስገቡ፣ ክሩን ያዙና በዐይኑ በኩል ብቻ አውጡት። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክሩን ያዙና ሁለቱን በአንድ ላይ አሳልፉ። አንድ ቀለበት ቀረ፤ አንድ አጭር ተሠራ።

ረጅሙ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ወደ ዐይኑ ከመግባታችሁ በፊት ክሩን አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ። ከዚያ አስገቡ፣ ክሩን ይዛችሁ አውጡ። ሦስት ቀለበት ሆነ። ክሩን ያዙና በሁለቱ አሳልፉ፤ ሁለት ቀረ። እንደገና ያዙና በቀሩት ሁለቱ አሳልፉ፤ አንድ ቀረ። ይህ ቁመቱ የአጭሩን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ይህን ቁመት ልብ በሉት፤ ትንሽ ቆይተን እንመለስበታለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ የመጀመሪያው አበባችን አደይ አበባ ነው። አደይ የመስከረም እንግዳ ናት፤ ጥቂት ሳምንታት መስኩን አልብሳ ትሄዳለች። ከአገር ውጭ፣ በአሜሪካም በአረብ አገርም ሆናችሁ የምትከታተሉን ደግሞ እንቁጣጣሽ ሲደርስ በአካባቢያችሁ ሜዳ ላይ አታገኟትም። በክር የተሠራችው ግን በማንኛውም ወር፣ በማንኛውም አገር በበር ላይም በገበታም ላይ ትቀመጣለች። ለጀማሪም ትመቻለች፤ መሐሏ አንድ፣ ቅጠሏ አንድ ረድፍ ነው።

በመጀመሪያ መሐሏን እንሥራ። ጠቆር ያለ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ክር ያዙ። ክሩን በሌባ ጣታችሁ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙና ቀለበት አድርጉት። ቀለበቱን ሳይፈታ ከጣታችሁ አውጡት። ኪሮሹን በቀለበቱ ውስጥ አስገብታችሁ ክሩን አውጡ፣ አንድ ሰንሰለት ሥሩ። አሁን በዚያው ቀለበት ውስጥ 8 አጭር ሥሩ። ስምንቱ ሲሞላ የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ ሳቡት፤ ቀለበቱ ይጠብቃል፣ ቀዳዳውም ይጠፋል። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው አጭር ጋር በመዝጊያ አያይዙ። ክሩን ቁረጡና በቀለበቱ አውጥታችሁ አጥብቁ።

አሁን ቅጠሎቹን። ደማቅ ቢጫ ክር ውሰዱ። ከስምንቱ ዐይኖች በአንዱ ኪሮሹን አስገብታችሁ አዲሱን ክር አውጡና እሰሩ። ከዚያ 5 ሰንሰለት ሥሩ። ይህ የአንዱ ቅጠል አከርካሪ ነው። አሁን በሰንሰለቱ ላይ ወደ መሐሉ ትመለሳላችሁ። ከኪሮሹ አጠገብ ያለውን አንዱን ሰንሰለት ዝለሉት። በሚቀጥለው ላይ 1 አጭር። በሚቀጥለው 1 ረጅም። በሚቀጥለው 1 ረጅም። በመጨረሻው፣ ከመሐሉ አጠገብ ባለው፣ 1 አጭር። አሁን መሐሉ ላይ ወዳለው ቀጣይ ዐይን ሄዳችሁ በመዝጊያ እሰሩ። አንድ ቅጠል ተሠራ።

ልድገመው፤ ክር የያዛችሁ ከእኔ ጋር ቁጠሩ። አምስት ሰንሰለት፣ አንዱን ዝለሉ፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ በቀጣዩ ዐይን መዝጊያ። ስምንት ጊዜ ይህንኑ ደጋግሙ። በመጨረሻ አንድ ስንዝር ያህል ክር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ያ ትርፍ ክር አበባውን ልብስ ላይ ወይም ጨርቅ ላይ ለመስፋት ያገለግላችኋል።

አሁን የሠራችሁትን ቅጠል አንዱን በጣታችሁ ዳስሱት። ጫፉ ሹል ነው፣ ወገቡ ሰፊ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ቀጭን ነው። ይህን ቅርጽ የሰጠው መቀስ አይደለም፤ አጭርና ረጅም የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው። አጭር ባለበት ቅጠሉ ይጠባል፣ ረጅም ባለበት ይሰፋል። ረጅሞቹን ወደ ጫፉ ብታስጠጉ ጫፉ ሰፋ ያለ ቅጠል ታገኛላችሁ። አከርካሪውን ከ5 ወደ 8 ሰንሰለት ብታስረዝሙና መሐሉ ላይ ረጅሞችን ብትጨምሩ ቀጠን ብሎ የረዘመ ቅጠል ይወጣል። የመጀመሪያው መመሪያችን እንግዲህ ይህ ነው፦ የዐይኑ ቁመት ለቅጠሉ ቅርጽ ይሰጠዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው መመሪያ ስለ ብዛት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የኪሮሽ አበባ ምስጢር ያለው እዚህ ነውና።

ብዙ ሰው ክብ ነገር መሥራት ይጀምርና ሥራው አንድም እንደ ሲኒ ይጎደጉድበታል፣ አንድም ዳር ዳሩ ይሸበሸብበታል። ከዚያ "እጄ አልታዘዘኝም" ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ የቁጥሩ ነው።

አጭሩ ቁመቱና ወርዱ ተቀራራቢ ነው። አንድ ዙር በጨመርን ቁጥር ክቡ በአንድ ቁመት ወደ ውጭ ይሰፋል። ትምህርት ቤት እንደተማርነው የክብ ዙሪያ የሚገኘው ከመሐል እስከ ዳር ያለውን ርቀት በሁለት፣ ከዚያም በ3.14 በማባዛት ነው። ሁለት ጊዜ 3.14 ደግሞ 6.28 ነው። እንግዲህ ክቡ ወደ ውጭ በአንድ ቁመት በሰፋ ቁጥር ዙሪያው ተጨማሪ 6 ዐይን ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ጠፍጣፋ ክብ የምትሠሩ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር 6፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24 አጭር ይኖራችኋል። በየዙሩ 6 መጨመር አለባችሁ።

በረጅም የምትሠሩ ከሆነስ? ረጅሙ ቁመቱ የወርዱ ሁለት እጥፍ ያህል ስለሆነ ክቡ በየዙሩ በእጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ የሚጨመረውም እጥፍ ይሆናል፤ 12፣ 24፣ 36 እያለ ይሄዳል።

ቤታችሁ ውስጥ ዳንቴል ካለ፣ በሶፋው መደገፊያ ላይም ሆነ በቴሌቪዥኑ ላይ፣ አሁን አንሡትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋችሁ ያዙት። ክብ ዳንቴል ከሆነ ከመሐሉ ጀምሩና የመጀመሪያውን ዙር ዐይኖች አንድ በአንድ በጣታችሁ ጥፍር እየነካችሁ ቁጠሩ። ዐይኖቹ ረጅም ከሆኑና ያለ ክፍተት ከተደረደሩ ቁጥሩ ከ12 እምብዛም አይርቅም። የሠራችው እናት ወይም አያት ሒሳቡን ወረቀት ላይ ላትጽፈው ትችላለች፤ ዳንቴሏ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ብሎ የተዘረጋው ግን ሒሳቡን ስለጠበቀች ነው። እናቶቻችን ጨዋታ እየተጫወቱ፣ ዐይናቸው ልጅ ላይ ሆኖ፣ እጃቸው ይህን ሲቆጥር ኖሯል። ይህ ዕውቀት ነው፤ እንደ ዕውቀትም ሊከበር ይገባዋል።

እንግዲህ ሕጉን ካወቅን ልንጠቀምበት እንችላለን። በየዙሩ ከሚያስፈልገው ያነሰ ስትጨምሩ ሥራው ይጎደጉዳል፤ እምቡጥና ያልተከፈተ ቱሊፕ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልክ የሚያስፈልገውን ስትጨምሩ ይዘረጋል፤ የሱፍ አበባ መሐል የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ስትጨምሩ ትርፉ የሚሄድበት ስለሚያጣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተጣጠፈ ይሸበሸባል፤ የተሸበሸበ ዳር ያለው አበባ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ይጎደጉዳል፣ ይዘረጋል፣ ይሸበሸባል። እነዚህን ሦስቱን ያዙ።

"የአደይ መሐል 8 አልነበረም ወይ? ለምን አልተሸበሸበም?" የምትሉ ካላችሁ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። የጀመርንበት ቀለበት መሐሉ ላይ ጥቂት ቦታ ስለሚይዝ፣ ሥራውም አንድ ዙር ብቻ ስለሆነ ትርፏ ሁለት ዐይን ቦታ አገኘች። በዚሁ አካሄድ አራትና አምስት ዙር ብትቀጥሉ ግን ዳሩ መነሣት ይጀምራል።

ይህ የመሸበሸብ ነገር ከቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ገብቷል። ዳይና ታይሚና የተባሉ የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ባለሙያ በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጂኦሜትሪ ያስተምሩ ነበር። የሒሳብ ሰዎች ሃይፐርቦሊክ የሚሉት ገጽ አለ፤ ከመሐል እየራቁ ሲሄዱ ከጠፍጣፋ ክብ በላይ እየሰፋ የሚሄድ ገጽ ነው። ለተማሪዎች ለማሳየት ከወረቀት ቁራጭ እየተጣበቀ ይሠራ ነበር፤ ወረቀቱ ግን በእጅ ሲነካካ ይቀደዳል። ታይሚና በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኪሮሽ አነሡና በተወሰኑ ዐይኖች ልዩነት አንድ አንድ እየጨመሩ ሠሩት። ተማሪዎች የሚያጥፉት፣ የሚዘረጉት፣ መስመር የሚሰፉበት ገጽ ተገኘ። በዚሁ ጉዳይ ላይ የጻፉት መጽሐፍ በ2009 ታትሞ በ2012 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር በኦይለር ስም የሚሰጠውን የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም የተባሉ አውስትራሊያውያን እኅትማማቾች ደግሞ ከዚህ ሐሳብ ተነሥተው በ2005 በባሕር ውስጥ የሚገኘውን የኮራል ድንጋያማ መንደር በኪሮሽ መሥራት ጀመሩ። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ በርካታ ሰዎችም ተቀላቀሏቸው። ኮራልም፣ የሰላጣ ቅጠልም፣ የእኛ የክር አበባም የሚሸበሸቡት በአንድ ምክንያት ነው፤ ዳሩ ከመሐሉ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ሁለተኛው አበባችን እንለፍ። ይህ አበባ ጽጌረዳ ነው። በዓለም የእጅ ሥራ ታሪክ የአየርላንድ ጽጌረዳ ተብሎ ይታወቃል። ከመሥራታችን በፊት ታሪኩን ብትሰሙ ሥራውን በሌላ ዐይን ታዩታላችሁ።

በ1845 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአየርላንድ የድንች በሽታ ገባ። አብዛኛው ድኻ ገበሬ ቀለቡ ድንች ነበርና ሰብሉ በማሳው ላይ ሲበሰብስ ረሃብ ሆነ። በዚያ ረሃብና ተከትሎት በመጣው በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንሰውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በዚያ ክፉ ዘመን በኮርክ አካባቢ ያሉ የኡርሱላይን ገዳም መነኮሳት ለሴቶችና ለልጃገረዶች ኪሮሽ አስተማሩ። በሰሜን በኩል ክሎንስ በምትባል ከተማ ደግሞ የአንድ ቄስ ባለቤት የነበሩት ካሳንድራ ሃንድ በ1847 ይህንኑ ሥራ አስጀመሩ፤ ክሎንስም በዳንቴሏ ስሟ ተጠራ።

ለምን ኪሮሽ ተመረጠ? በጊዜው ባለጸጎች እጅግ የሚወዱት የጣሊያን ዳንቴል በመርፌ የሚሠራ ነበር፤ ጊዜ ይበላል፣ ዋጋውም አይቀመስም። የአየርላንድ ሴቶች ተመሳሳይ መልክ ያለውን ሥራ በኪሮሽ በጣም ባነሰ ጊዜ አወጡት። ሥራውንም ተከፋፈሉት። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ፣ ሌላዋ የወይን ዘለላ ብቻ ትሠራለች። ከዚያ የተሠራው ሁሉ ጨርቅ ላይ ይደረደርና መሐል ለመሐሉ በመረብ ይያያዛል። ለአንድ አበባ ጎበዝ የሆነች ሴት ያንኑ እየሠራች ገቢ ታገኛለች። የልብስ አንገትና እጅጌ ሆኖ በተሸጠው ዳንቴል ቤተሰቦች እህል ገዙበት፣ ኪራይ ከፈሉበት። ክርና ኪሮሽ ለጌጥ ብቻ የሚያገለግል አይምሰላችሁ፤ ክፉ ቀን ያሻገረ ሙያ ነው።

አሁን እንሥራው። 6 ሰንሰለት ሥሩና የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር በመዝጊያ አያይዛችሁ ቀለበት አድርጉት።

አንደኛ ዙር። 6 ሰንሰለት ሥሩ፤ ከእነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ረጅም ይቆጠራሉ፣ ሦስቱ ክፍተት ይሆናሉ። ከዚያ በቀለበቱ ውስጥ 1 ረጅም፣ ቀጥሎ 3 ሰንሰለት። ይህን አምስት ጊዜ ሥሩ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰንሰለቶች በሦስተኛው ላይ በመዝጊያ ዝጉ። አሁን ስድስት ክፍተት ያለው ክብ በእጃችሁ አለ።

ሁለተኛ ዙር። በእያንዳንዱ ክፍተት ውስጥ 1 አጭር፣ 5 ረጅም፣ 1 አጭር። ስድስት ትንንሽ ቅጠሎች ወጡ። እዚህ ብታቆሙ ለሕፃናት ፀጉር ማስያዣ የምትሆን ትንሽ አበባ ናት።

ሦስተኛ ዙር። ጽጌረዳው ድርብ የሚሆነው እዚህ ነው፤ በጥሞና አዳምጡኝ። የሠራችኋቸውን ቅጠሎች በጣታችሁ ወደ ፊት እጠፏቸው። ከጀርባ 5 ሰንሰለት ሥሩና ኪሮሹን በሁለት ቅጠሎች መካከል ባለው በአንደኛው ዙር ረጅም ግርጌ ዙሪያ አሳልፋችሁ 1 አጭር ሥሩ። እንደገና 5 ሰንሰለት፣ በሚቀጥለው ግርጌ 1 አጭር። ስድስት ጊዜ። ከፊት ምንም አይታይም፤ ከጀርባ ግን ስድስት የሰንሰለት ቅስት ተዘርግቷል።

አራተኛ ዙር። በእያንዳንዱ ቅስት ውስጥ 1 አጭር፣ 7 ረጅም፣ 1 አጭር። ከፊተኞቹ ኋላ ሰፋ ያሉ ስድስት ቅጠሎች ወጡ።

አምስተኛው ዙር እንደ ሦስተኛው ነው፤ ሰንሰለቱ ብቻ 7 ይሆናል። ከጀርባ በቅጠሎቹ መካከል ባለው አጭር ግርጌ እሰሩት። ስድስተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቅስት ውስጥ 1 አጭር፣ 9 ረጅም፣ 1 አጭር።

ቁጥሮቹን አስተውሉ። ረጅሞቹ 5፣ 7፣ 9 እያሉ ያድጋሉ፤ ቅስቶቹም 3፣ 5፣ 7። ይህ የዘፈቀደ አይደለም። በሆለታ ወይም በዝዋይ እርሻ የበቀለ ጽጌረዳ ብትይዙ መሐል ያሉት ቅጠሎች ጠባብና የተጠቀለሉ ናቸው፣ የውጪዎቹ ሰፊና የተገለበጡ ናቸው። በክሩም የሠራነው ይህንኑ ነው። ሦስቱን ረድፍ በአንድ ቀለም ከምትሠሩ መሐሉን ደመቅ፣ ዳሩን ፈዘዝ ያለ ብታደርጉት ጥልቀቱ ጎልቶ ይታያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አበባው ተሠራ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የእጅ ሥራን ጥራት የሚያውቅ ሰው ዕቃ ሲያነሣ መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። የተንጠለጠሉትን የክር ጫፎች በመርፌ ከጀርባ በዐይኖቹ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ አስገቡ፤ ከዚያ መልሳችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ አስገቡና ቁረጡ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የገባ ጫፍ ሲታጠብ ይወጣል።

እንዲደርቅና እንዲቆም ከፈለጋችሁ ስኳርና ውሃ እኩል ለክታችሁ ስኳሩ እስኪሟሟ አሙቁ፤ ሲበርድ አበባውን ነክራችሁ ጨምቁትና ቅጠል ቅጠሉን በጣታችሁ እያስተካከላችሁ በላስቲክ ላይ አድርቁት። ስኳር ጉንዳን ይጠራልና ለምግብ ገበታ ጌጥ ይህን አትምረጡ። በዚያ ምትክ ቪናቪል የሚባለውን ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ተጠቀሙ። ለልብስ የሚሆነውን ግን ምንም አትቀቡት።

ለሕፃናት ልብስና ቆብ ስትሰፉ በመርፌ ቁልፍ አታያይዙት፤ በክር ዙሪያውን አጥብቃችሁ ስፉት። በአንድ ነጥብ ብቻ የተሰፋ አበባ ሕፃን ነቅሎ ወደ አፉ ሊከተው ይችላል።

ለመሸጥ የምታስቡም አላችሁ። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ ኪሮሽን ግን እንደ እጅ አድርጎ በብዛት የሚያመርት ፋብሪካ ገና የለም። ገበያ ላይ የምታዩት እውነተኛ የኪሮሽ አበባ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የሠራው ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታወጡ የክሩን ሒሳብ ብቻ አትያዙ። ሰዓት ተመልከቱ። ለምሳሌ በአንድ ሰዓት አራት አደይ የምትሠሩ ከሆነ በቀን ሥራ ሊከፈላችሁ የሚገባውን የአንድ ሰዓት ዋጋ ለአራት አካፍሉ፣ የክሩን ጨምሩበት፤ ከዚያ በታች አትሽጡ። "ትርፍ ጊዜዬ ነው" ብሎ ርካሽ መሸጥ የራስን ብቻ ሳይሆን በዚሁ ሙያ ልጅ የምታሳድገውን የጎረቤትን ዋጋም ያወርዳል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። 30 ሰንሰለት ሥሩ፤ ለመዞሪያ 3 ጨምሩ። ተመልሳችሁ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ ሦስት ሦስት ረጅም ሥሩ። ገና መሐሉ ሳትደርሱ ሥራው በራሱ መጠምዘዝ ይጀምራል፤ አትደንግጡ፣ አትፍቱትም። በ30 ዐይን ቦታ 90 ዐይን ስለገባ ነው። ሲያልቅ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ጠቅልሉትና ሥሩን በመርፌ ስፉት፤ ያለ ምንም ንድፍ አንድ ጽጌረዳ በእጃችሁ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ሁለት ብቻ አድርጋችሁ ሌላ ሥሩና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነቱን ለራሳችሁ ስታዩት ዛሬ የነገርኳችሁ ሁሉ ይገባችኋል።

ቤት ውስጥ ማባዛትና ማካፈል የሚማር ልጅ ካለ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ቁጥሩን እሱ ይቁጠር። ወንድ ይሁን ሴት፣ ኪሮሽ ለእጅ ሁሉ ይሆናል። ዳንቴል የሚሠሩ እናት ወይም አያት ካሏችሁ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ "ይህን ዙር ስንት ላይ ጨመሩት?" ብላችሁ ጠይቋቸው። በእጃቸው ያለው ቁጥር በብዛት አልተጻፈም፤ የሚተላለፈው በመጠየቅ ነው። የሰማችሁትን በደብተር ላይ ጻፉት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን አረንጓዴ ቅጠልና ግንድ ሠርተን እነዚህን አበቦች እቅፍ እናደርጋቸዋለን። እስከዚያው ክራችሁ አይቋጠር፣ ቁጥራችሁም አይጥፋ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)